የመጀመሪያው ዘፈን እስኪያልቅ

ጥር 4

የአስራ አንድ ሰው የመነጽር ሌንስ ሞረድኩ። አንዱ ተሰነጠቀብኝ። አለቃዬ ስባሪውን ራሱ ጠረገው... እሱ ሲቆጣ ይሻላል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባሁ። ቀን ቀን እማዬን የምትጠብቅልኝ ጎረቤታችን ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። “በልታለች፣ ተገላብጣለች” ብላኝ ወጣች። ስለ ዳቦ የምታወራ ነው የምትመስለው።

የእማዬ ግራ ጎን መታዘዝ ካቆመ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ምላሷም ስለሚተሳሰር ማንኪያ ሰጥቻታለሁ። የአልጋውን ብረት አንዴ ከመታች ውሃ፣ ሁለቴ ከመታች ፖፖ።

አስር ሰዓት ላይ ክፍሌ ገብቼ ካሴት ከፈትኩ። ቀይ ሽፋን ያለውን። ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል... ቁልፍ የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚዳብስ። ከበሮው ሲገባ ሳላስበው ተነሳሁ። አራት ደቂቃ የት እንደነበርኩ አላውቅም። ከዚያ አለቀ።

ኳ፣ ኳ። ፖፖ።

ጥር 9

ዛሬም። ልክ የመጀመሪያው ዘፈን እንዳለቀ ኳ ኳ። የወህኒ ቤት ዘበኛ እንኳ እንዲህ ሰዓት አያከብርም።

ካርቶኑን ያገኘሁት መስከረም ላይ ነው፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ። የወንድሜ የሮክ ካሴቶች፣ አርባ አንድ። ጎረምሳ እያለ ባስ ጊታር ሲመታ አባዬ “ይሄ ልጅ ጣሪያውን ሊያወርደው ነው” ይል ነበር። አሁን ልጁ ሌላ ከተማ ኢንሹራንስ ይሸጣል። ጣሪያው እኔ ላይ ቀረ።

ያኔ ያስተማረኝ አንድ ሕግ ነበረው። አልበም በበሩ ነው የሚገባው፣ በመስኮት አይዘለልም። የመጀመሪያው ዘፈን በሩ ነው። እኔም ሕጉን አከብራለሁ። እማዬን አንስቼ፣ አጥቤ፣ አገላብጬ፣ ሾርባ አብልቼ ስጨርስ ቀኑ አልቋል። በማግስቱ ካቆምኩበት አልቀጥልም። ሌላ ካሴት፣ እንደገና ከበሩ። ስለዚህ እስካሁን ሠላሳ ስምንት የመጀመሪያ ዘፈን አውቃለሁ። ሁለተኛ ዘፈን... አንድም። ሠላሳ ስምንት ደጃፍ ላይ ቆሜ የተመለስኩ ሴት ነኝ።

ጥር 17

ምርጥ የመጀመሪያ ዘፈን ምን ዓይነት ነው? ሌንስ ስሞርድ ይህንን ሳስብ ዋልኩ። ሰላምታ የሚያበዛ አይሆንም። “ኑ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ” የሚል ዘፈን ያሰለቻል። ጥሩው ጠብ መሃል ነው የሚጥልህ፤ ማን ማንን እንደበደለ ሳታውቅ ወገን ትይዛለህ። አረንጓዴው ካሴት ላይ ከበሮ መቺው በእንጨቶቹ አራት ሊቆጥር ይጀምራል፣ ሦስት ላይ ዘፋኙ ይቀድመዋል። ስህተት ይመስለኛል። ግን ትተውታል። እሱን ነው የወደድኩት።

አንደኛ የወጣው ግን ባለ ጎማው ነው። ሽፋኑ ላይ የተቃጠለ ጎማ አለ። ዘጠኝ ደቂቃ! ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ማንም አልጠራኝም። ከእንግዲህ ረጅሙን ነው የማጫውተው።

ረስቼው... አለቃዬ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። የመሞረጃ ክፍሉን አንቺ ምሪልኝ አለኝ። መልስ እስከ የካቲት 15። ረስቼው ነው ያልኩት? ውሸት። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ጥር 18

ባለ ጎማው። ዘጠኝ ደቂቃ። ኳ ኳ።

ጥር 24

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከጎረቤቴ ሰማሁ። ስለ አዲሱ ሥራ የነገርኳቸው እህቴና ወንድሜ በስልክ ተመካክረው ጨርሰዋል። እኔ እንድቀር። እህቴ ዘንድ ደወልኩ። ሦስት ልጆች አሏት፣ ባሏም ሆደ ባሻ ነው፣ ይገባኛል... “የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ” አለችኝ። የብብቴ ምንድነው? የእማዬ ቴርሞሜትር።

ከዚያ ደግሞ ለስለስ ብላ፣ “አንቺ እኮ ነፃ ነሽ” አለች። ባል የለም፣ ልጅ የለም... ነፃ። ስልኩን ዘግቼ ሳቅኩ። ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ። ግድግዳው ስስ ነው።

ወንድሜ ስልክ አላነሳም።

የካቲት 2

ክፍሌ ስድስት እርምጃ በአራት ናት። ዛሬ ለካኋት። ለምን እንደለካኋት አላውቅም።

የካቲት 6

እንዴት ልጻፈው...

ካርቶኑ ሥር ሽፋን የሌለው ካሴት ነበር። ወንድሜ በእርሳስ “ሳይቋረጥ” ብሎ ጽፎበታል። አስር ሰዓት ላይ ከፈትኩት። ባሱ ብቻውን ይመጣል፣ ከሩቅ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ከዚያ ሁሉም በአንዴ። ሊያልቅ ሲል እንደልማዴ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። አላለቀም። ከበሮው ሳያቆም ሌላ ዜማ ገባ፣ ፍጥነቱ ተቀየረ... ሁለተኛው ዘፈን! መሃላቸው ክፍተት የለም። ማንኪያውን ጠበቅኩ። ዝም። ሦስተኛው ገባ። ተኝታለች፣ ተመስገን አልኩ። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ ነው? ቀጭ ብሎ የቴፑ ቁልፍ እስኪነሳ ሃያ ሁለት ደቂቃ።

ስገባ ነቅታ ነበር። ማንኪያው እጇ ላይ ነው። አንሶላው፣ ፍራሹ፣ ሁሉም ርሷል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

“እማዬ፣ ምነው ሳትመቺ?”

“አላለቀም እኮ።”

“ምኑ?”

“ዘፈንሽ።”

አልገባኝም። ሳጥባት፣ ቃሉን እየጎተተች አስረዳችኝ። ልጄን ዘፈን መሃል ላይ አላቋርጣትም ብላ ሁልጊዜ ጸጥ እስኪል ሽንቷን ትይዛለች። ጸጥ ሲል ትመታለች። ዛሬ ጸጥ አላለም።

“ቀኑን ሙሉ የሰው ነሽ” አለችኝ። “አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው ትስማ ብዬ።”

የካቲት 7

ባለ ጎማው። ዘጠኝ ደቂቃው። እኔ ረጅሙን ስመርጥ፣ እሷ ያን ሁሉ ይዛ... ስንት ቀን አጫወትኩት? መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

የጥር 9ን ገጽ ገለጥኩ። “የወህኒ ቤት ዘበኛ” ብያታለሁ። ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሳሁና ተውኩት። ትጠብቀኛለች ማለቴስ ልክ ነበር። መጠበቁ ነው ሌላ ዓይነት የሆነው።

ማንም ስለማያየው እውነቱን ልጻፍ። አሁን ባሰብኝ። ያኔ ቢያንስ መናደድ እችል ነበር። ከእንግዲህ እንዴት ብዬ ነው የምሄደው? በሩ ተቆልፎ ነበር፣ አሁን ደግሞ በግንብ ተደፈነ።

የካቲት 10

ሦስቴ መታች። ሦስቴ ምንድነው? ወደ ስልኩ አየች። ወንድምሽን፣ አለችኝ። ከእሷ ስልክ ስደውል አነሳ። ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። አወራ፣ አወራ... ሥራው፣ ሚስቱ፣ የመንገዱ ርቀት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ጸጥ ሲል ሁለት ቃል ብቻ አለችው።

“ና፣ አገላብጠኝ።”

የእሱ ወሬ አለቀ። ከዚያ፣ “እሺ እማዬ።” ድምፁ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

ስለ ሥራው ማን ነገረሽ አልኳት። ግድግዳው ስስ ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ “ፎጣውንም ሰምቻለሁ።”

የካቲት 14

ለአለቃዬ እሺ አልኩት። ስለ ጉዞው ሳስብ የአንዲት ሴትዮ ሌንስ ተበላሸብኝ። በዚህ ሁለት ሆነ።

የካቲት 16

አረንጓዴውን አጫወትኩ። ዘፋኙ ገና ከበሮ መቺውን ከመቅደሙ ኳ ኳ! መሃል ላይ። ስምምነታችን ነው፤ ሳስፈልግሽ አትጠብቂ ብያታለሁ። እየሳቅኩ ሮጥኩ። ስደርስ ፖፖ አልፈለገችም። ልሞክርሽ ብዬ ነው አለችኝ።

የካቲት 28

ወንድሜ መጣ። ቦርጭ አውጥቷል። ስድስት ወር እዚህ ሆኖ ይሠራል፣ ከዚያ ተራው የእህቴ ነው። እህቴ ገና አልሰማችም።

ማገላበጥ አስተማርኩት። አንድ እጅ ከትከሻ ሥር፣ አንድ እጅ ከዳሌ። እሰብራታለሁ ብሎ ፈራ። “ጊታር አይደለሁም” አለችው። ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ሁሉንም ሰማሽ? ብሎ ጠየቀኝ። የመጀመሪያዎቹን፣ አልኩት። የቀሩትንስ? ምን ልበለው... የማንኪያውን ነገር ነገርኩት። ደጅ ወጥቶ ቆሞ ቀረ።

መጋቢት 8

የተከራየኋት ክፍል አምስት እርምጃ በአራት ናት። ከድሮዋ ትጠባለች! አዲሱ መሞረጃ ይጮሃል፣ የሚለምደኝ ይመስለኛል።

ወንድሜ ደውሎ ነበር። እግር ኳስ ሲያይ መሃል ላይ ትመታበታለች። አይ፣ የሱን አትጠብቅለትም።

አስር ሰዓት ላይ ቀዩን ካሴት ከፈትኩ። ጊታሩ ኪሱን ዳበሰ፣ ከበሮው ገባ፣ አራት ደቂቃ። አለቀ። ሳላውቀው ተነስቼ እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር።

ማንም አልመታም።

እዚያው ቆሜ ጸጥታውን ቆጠርኩ። አምስት ሰከንድ ነው። ይቺን አምስት ሰከንድ ነበር ለካ የምትጠብቀው። ከዚያ ሁለተኛው ዘፈን ጀመረ። ቀስ ያለ ነገር ነው፣ ብዙም አልወደድኩትም።

እስከ መጨረሻው ግን ሰማሁት።