ለቆራሌው የሸጥኩት መዳብ

ሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዛሬ ጋሽ መኮንን ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለቱ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ አብረው የሞተር መዳብ ሽቦ ይጠመጥሙ ነበር። አሁን በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ የውሃ ፓምፕ አሮጌ ሞተር እየጠገኑ ነው።

«በስተርጅና ፀሐይ ልጠመጥም ነው» ብለው ሳቁ። «እሱ ካስቀመጠው መዳብ የቀረ ካለ ስጪኝ። አዲስ እየተቆፈረ እስከ መቼ?»

ባለቤቴም እንዲሁ ይል ነበር። ከተቃጠለ ሞተር የፈታውን ሽቦ ሁሉ በጆንያ ያጠራቅም ነበር። «አንዴ ከመሬት ወጥቷል፤ ለምን ሌላ ጉድጓድ?» ይለኝ ነበር። ይህንኑ ሐሳብ ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ላይ ሳነበው አለቀስኩ። እኔ ግን በሕይወት ሳለ ቤቱ ጠበበኝና አንድ ቀን እሱ በሌለበት ጆንያውን ለቆራሌው ሸጥኩት። ሲጠይቀኝ ፈርቼ «አላየሁም» አልኩ። እሱም ጋሽ መኮንንን ጠረጠረ። በሰው ፊት ሌባ አላቸው። እንደተኳረፉ ሞተ።

ዛሬ ነገርኳቸው። «የሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እኮ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም» አሉ። «ሰፈር ድረስ መጥቼ ነበር። ድንኳኑን አይቼ ተመለስኩ።»

እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። የት እንደተቀበረ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«አብሬዎት ልምጣ?» አልኩ።

«ግድ የለም፣ ብቻዬን ልሂድ» አሉ።