የሁሴን ፒካፕ

ጥር 14፣ ማክ.፣ ወልድያ
የሞተሩ መቀመጫ ዛሬም አልገጥምም አለ። የጭነት መኪናው ሞተር ሰፊ፣ የፒካፗ ሻንሲ ጠባብ። ቆረጥሁ፣ በየድሁ፣ እንደገና ቆረጥሁ። የጎረቤት ጋራዦች ይስቁብኛል፤ አሮጊቷን ልትድራት ነው ወይ ይሉኛል። ይሳቁ።

የወንድሜ የሁሴን መኪና ናት። በጦርነቱ ጊዜ እህል ጭኖ ሲሄድ መንገድ ላይ ተመትቶ ሞተ። ያገሩ ሰው እዚያው ቀበረው። እኔ ያገኘሁት ቀፎዋን ነው፤ ሞተሯን፣ ካምቢዮዋን፣ ጎማዋን ፈትተው ወስደዋል። የጥንት ዕቃዋ ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ያዲሶቹን የጭነት መኪና ዕቃ አለብሳታለሁ።

እማዬ የምትኖረው መርሳ ከተማ ነው። መርዶ አልተነገራትም። ሳውዲ ገብቷል፣ አሠሪዎቹ ስልክ አያስይዙትም አልናት። ከዚያ ወዲህ እውነቱን ለመናገር አፍ አጣን። ላንተ ለወረቀቱ ካልሆነ ለማን እላለሁ።

ጥር 18፣ ቅዳ.
መርሳ ዋልሁ። እማዬ ግራና ከተማ ላይ ለሁሴን የምትሆን ልጃገረድ አይታለታለች። የደግ ሰው ልጅ ናት፣ ሌላ ሳይቀድመን ሽማግሌ ልላክ ትለኛለች። መኪናውን የምትሠራው ሊመጣ ቢሆን ነው እንጂ አለች፣ ደስ ብሏት። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ስወጣ አጎቴ ሼህ ይማም ያዙኝ። ተቆጥተዋል። ሟች ዱዓ አለው፣ ሶደቃ አለው፣ እስከ መቼ ትደብቃላችሁ አሉ። መኪናዋ ተሠርታ ትለቅና ብዬ ለመንኋቸው። መኪናዋና መርዶው ምን አገናኛቸው አሉኝ። እኔ እንጃ። ብሎን ስፈታ የሞተ አይመስለኝም። እውነቱ ይኸው ነው።

ጥር 21፣ ማክ.
ፒካፗ ተነሣች! አልሐምዱሊላህ! እስከ ሲሪንቃ ነድቻት ተመለስሁ። ድምፁ የሷ አይደለም፤ ካምቢዮው ግን ቅቤ ነው። ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

ከሰዓት የሹፌሩን ወንበር አወጣሁ። በማዳበሪያ ሸፍኜ እስከ ዛሬ ሸሽቼው ነበር። ጀርባው ተበስቷል፤ ደሙ ጠቁሮ ደርቋል። ከጋራዡ ኋላ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት። በቦታው የጭነት መኪናውን ወንበር አሰርሁ። ሌላውን የጋቢና ዕቃ፣ የተላጠውን መሪ እንኳ፣ እንዳለ ተውሁት። ከዚያ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። ያ ረቢ፣ ታናሼ ነበር እኮ።

ጥር 23፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
እማዬ መጣች። ሳትነግረኝ፣ በሚኒባስ። ፒካፗን ዞራ ዞራ አየቻት፣ የጭነት ቦታዋን ስፖንዳ በነጠላዋ ጠረገች፣ መረቀችኝ። የጋቢናውን በር ከፈተች።

የሁሴን ወንበር የት ሄደ አለችኝ። የሁለቱንም ወንበር ልብስ ያኔ መኪናዋን ሲገዛ በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። እንዴት ረሳሁት? አርጅቶ ጣልሁት አልኋት።

«የጎኑ ሳያረጅ?»

የጎኑ ወንበር ልብሷን እንደለበሰ ተቀምጧል፣ አበባው እንኳ አልደበዘዘም። ዓይኔን አየችው። እኔ መሬት አየሁ። በቃ፣ አወቀች። የመኪናዋ መርገጫ ላይ ቁጭ አለች። ትጮኻለች ብዬ ፈራሁ። አልጮኸችም። በቀስታ፦

«ኢና ሊላሂ። እንድሪስ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ቤቴ እሄዳለሁ። ሰው ይዛችሁ ኑና በወጉ አርዱኝ። ልጄ ጋራዥ ውስጥ አይለቀስም።»

ላድርስሽ ብላት እንቢ አለች። በሚኒባስ ሄደች፣ ሰው መሀል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። እስከ መርሳ ድረስ እንዴት ቻለችው? እኔ እዚህ ብቻዬን ሆኜ አልቻልሁም። ለሼህ ይማም ደወልሁ። መርዶው ነገ ይሁን አልሁ። ማወቋን አልነገርኋቸውም።

ጥር 24፣ ዓርብ፣ ንጋት፣ መርሳ
ሼህ ይማም ደጅ ነኝ። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። እንዴት እንደሚጀምሩ ይመካከራሉ፤ አንዱ ውሃ ያዙ ይላሉ፣ አንዱ ሴቶቹ ከኋላ ይጠጉ ይላሉ፣ ድንገት እንዳትወድቅ። እሺ እሺ እላለሁ። ማወቋን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

የእማዬ ቤት ከዚህ ይታያል። ቅድም መብራት ነበር። እኛን ስታይ አጠፋችው። እንደተኛ ሰው ልትነሣልን ነው። ወይ እናቴ!

ሼህ ይማም ጠሩኝ። የምታንኳኳው አንተ ነህ፣ የወንድምህ መርዶ ነው አሉ። ልሂድ። ማነው ስትለኝ ምን እላታለሁ?