ያልተገኙት ጉጉቶች

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ከአዳር ፈረቃ ወጣሁ። አየር ማረፊያው ካርጎ ላይ ሲጫን ያደረው አበባ ነው፤ ከማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ የተነሳ ጣቶቼ እስካሁን አልፈቱም። መተኛት ነበረብኝ። የት! ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ጉጉቶቼ ይጠብቁኛላ። የማታው ትምህርቴ መመረቂያ ጽሑፍ እነሱ ናቸው፦ የጥንት አቴናውያን የብር ሳንቲሞች። ባንዱ ፊት አቴና የምትባል ጣዖታቸው፣ በሌላው ጉጉት። ሳንቲሞቹን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ያለኝ ፎቶ ብቻ። ሥራዬ የትኛው ሳንቲም ከየትኛው ማተሚያ ብረት እንደወጣ መለየት፣ ከዚያም በጠቅላላው ስንት እንደተመታ መገመት። ብረቱን የሚቀርጹት በእጅ ስለነበር ሁለት ብረት ፈጽሞ አንድ አይሆንም።

ዛሬ ሁለት ሳንቲም ገጠመልኝ! አንዱ ግብፅ የተገኘ፣ አንዱ ሲሲሊ። በሁለቱም ላይ ከጉጉቷ ዓይን ሥር ያችው ጭረት። የቀራጩ እጅ ለቅጽበት አዳልጦት ነበር። ማን ያያል ብሎ ትቶት ይሆናል። ይኸው ከስንትና ስንት መቶ ዓመት በኋላ ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ አየሁበት። ሱብሃነላህ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ከታናሽ እህቴ ከመሪማ ጋር ወደ መገናኛ። ለሠርጓ፣ ለኒካሟ፣ ጨርቅ ልናይ። ታክሲ ውስጥ ትነዘንዘኛለች፦ ያላየሽውን ሳንቲም እንዴት አድርገሽ ነው የምትቆጥሪው?

በታክሲ አስረዳኋት። በዚህ መስመር ስትመላለሺ ያው ረዳት፣ ያው የተቀደደ ወንበር ደጋግሞ ከገጠመሽ ታክሲዎቹ ጥቂት ናቸው። በተሳፈርሽ ቁጥር አዲስ ፊት ከሆነ ግን ያላየሻቸው ገና ብዙ አሉ።

“ታዲያ ብዙ ከሆኑ ሰልፉ ለምን አያልቅም?” አለችኝ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀብኝ።

ለእኔ ግን ሳቅ አይደለም። ከብረቶቼ አብዛኞቹን የማውቃቸው በአንድ በአንድ ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ምልክት ያልተዉ ሌሎች ብረቶች አሉ። እያንዳንዱ ብረት ደግሞ እስኪሰነጠቅ ብዙ ሺህ ሳንቲም ይመታበታል። አባዛሁት። ሚሊዮን ገባ። ተሳስቻለሁ ብዬ እንደገና አባዛሁት፤ ያው ሚሊዮን። በእጅ፣ በመዶሻ፣ አንድ በአንድ! እኔ ጋ ያሉት ፎቶዎች ጥቂት መቶ እንኳ አይሞሉም። የቀሩት የት ገቡ? አማካሪዬን ዶ/ሩን ጠየቅኳቸው። ቀልጠዋል አሉኝ፣ በአንድ ቃል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

እማዬ ከአልጋ ሥር ሳጥኗን ጎተተች። የአንገት ድሪዋን አወጣች፤ ከወሎ ይዛው የመጣችው፣ ጠገራ ብሮች የተሰካኩበት። ገርጂ ብር ሠሪ አግኝታለች። ሊቀልጥ ነው፤ ለመሪማ የእጅ አምባርና የእግር አልቦ ሊሆን።

ጮኽኩ። እውነቴን ነው፣ ጮኽኩ። እማዬ የሆነ ነገር የነደፈኝ መስሏት ተነሳች።

ሳንቲም ማቅለጥ ማለት እኮ ምስክር መግደል ነው አልኳት፤ ሌላም ሌላም ቀባጠርኩ። ረጋ ብላ ሰማችኝ። በእኛ ዘንድ ብር ለሙሽራ እንደ አዲስ ይሠራል፤ እሷም እናቷም ያዩት ይህንኑ ነው አለች። ከዚያ ድሪውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። አባታችሁ በሕይወት የለም፣ ታላቅ አንቺ ነሽ፣ እስከ ሐሙስ ወስኚ። ያልሽው ይሆናል አለችኝ።

ምነው ዝም ባልኩ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ድሪውን በማጉያ መነጽር ሳየው ዋልኩ። ጠገራው ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ፊት ከመነካካት ብዛት ልሟል፤ አፍንጫዋ የለም ማለት ይቻላል። የስንት ሴት አንገት አልፎባት ይሆን! እጄ ላይ ይከብዳል፣ ይሞቃል። ከፎቶ በኋላ እውነተኛ ብር መያዝ፣ ወላሂ፣ አፍ ያስይዛል።

መሪማ አኩርፋለች። “እኔ የማገባው አንዴ ነው፣ ሀዩ። ሙዚየም አይደለሁም” አለችኝና በሩን ዘጋችው። ወር ሳይሞላ ባሏን ተከትላ ኮምቦልቻ ትገባለች። እንደተኳረፍን ልንለያይ ነው። ለአንድ ድሪ! ሆኖም ይቅለጥ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ዶ/ሩ ጋ ደርሼ መጣሁ። ቀልጠው ካለቁ እነዚህኞቹ እንዴት ተረፉ የሚለውን ጻፊ አሉኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ የተገኙበትን ቦታ ተራ በተራ አነበብኩ። ማሰሮ ውስጥ። ማሰሮ ውስጥ። ከቤት ወለል ሥር። እንደገና ማሰሮ። ጦር ሲመጣ ሰው ብሩን ይቀብራል፤ በኋላ ተመልሶ ያወጣዋል። ያልወጣው ባለቤቱ ያልተመለሰበት ነው።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ጉጉቶቼ ሁሉ፣ እነዚያ ስስቅላቸው የምውለው፣ የቀብር ብር ናቸው። እነዚያ ሚሊዮኖች ግን፣ የጠፉብኝ ብዬ ያዘንኩላቸው፣ ባለቤቶቻቸው ተመልሰው ያወጧቸው ናቸው። ግብር ከፈሉባቸው፣ ዕቃ ገዙባቸው፣ አቅልጠው ልጅ ዳሩባቸው። ስሌቴ ሲቆጥር የኖረው ያን ሁሉ ሕያው ሰው ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ የኀዘንም አልነበረም።

ማታ እማዬን ጠየቅኳት፦ ይሄ ድሪ አንቺ ስታገቢ ለምን አልቀለጠም?

ሥራዋን አላቋረጠችም። “ድርቅ ነበር፣ ልጄ። እንኳን ለሠሪ የሚከፈል፣ ለሠርግ የሚቀመስ አልነበረም። እናቴ ሳይቀልጥ እንዲሁ፣ እያለቀሰች፣ አንገቴ ላይ አሰረችው።”

እንዲሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያማረ ጌጥ እያልኩ ሳየው የኖርኩት።

የካቲት 13፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ወሰንኩ። ይቅለጥ።

ለእማዬ ነገርኳት። መረቀችኝ። መሪማ አላመነችም፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አፈነችኝ። ቀድሜ ፎቶ ላንሳ አልኩ፣ ልማድ ነው። ካሜራውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ድሪውን አንገቷ ላይ አስሬ እሷኑ አነሳኋት፣ ከነሳቋ።

አሁን ደረጃው ላይ ቆማ ትጣራለች፤ የገርጂ ታክሲ ሳይሞላ ውጪ እያለች። እሳቱ አጠገብ እቆማለሁ። ብሩ ሲፈስ አይቼ አላውቅም፣ እስቲ ዛሬ ልየው።