ግማሽ ድመት

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድምጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው፤ የሱቅህን ፍሪጅ ሁሉ ብቻህን ማንሳቱን ተውክ ወይስ አሁንም «ቀላል ነው» እያልክ ትሸከማለህ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነ? ባለቤትህ ደኅና ናት? የትልቋ ልጅህ የፊት ጥርስ በቀለ? ትንሹስ መናገር ጀመረ ወይስ አሁንም በጣቱ እየጠቆመ ነው ቤቱን የሚያዘው? እኔ ከናፍቆታችሁ፣ ከጭቃና ከንዴት በቀር ተመስገን ደኅና ነኝ። እውነቱን ለመናገር ንዴቱ መቅደም ነበረበት፤ ሰላምታ በቁጣ አይጀመርም ብዬ ነው ወደ ኋላ ያደረግኩት።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ሠፈሩ ሁሉ፣ እኅትህ ድመቷን አገኘች ወይ እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ፤ እኔም እሷ የጠፋ ድመት ስትፈልግ እኔ የጠፋች እኅት እፈልጋለሁ እላቸዋለሁ» ያልከውን ሳነብ ከልቤ ሳቅሁ። ቆየት ብሎ ግን ከፋኝ። ለእማዬ የዓይን ሕክምና እንደምደርስና እንደማልደርስ ቁርጡን ንገሪኝ ብለሃል። ቁርጡን ከመናገሬ በፊት የደረሰብኝን ላጫውትህ፤ ያኔ ፍረድ።

የምንኖረው ከአንድ ጎሚስታ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ከታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ወለላችን ይንቀጠቀጣል። አንደኛው ክፍል የእኔና የዶክተሯ መኝታ ነው፤ ሁለተኛው ቢሮም መጋዘንም ሆኖ ያገለግላል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ሥር ቻርጅ የተሰኩ ባትሪዎች፣ በሩ አጠገብ መቼም ደርቀው የማያውቁ ቦቲዎች አሉ። ዶክተሯ የእንስሳት ተመራማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ቃል እንደ ጨው የምትቆጥብ ሴት። ሾፌራችንን «ቀስ በሉ» እንለዋለን፤ ሌላውን ሁሉ ቀስ በሉ እያለ እሱ ራሱ እንደ ንፋስ ስለሚነዳ።

የምንፈልጋት የሸምበቆ ድመት ትባላለች። ከቤት ድመት ጥቂት ከፍ የምትል፣ ጅራቷ አጭር፣ ደረቷ ላይ እንደ ቀበቶ ያለ ጥቁር መስመር ያላት የረግረግ አውሬ ናት። አያቶቻችን ልጆች ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ በሕይወት ያያት ሰው የለም። የቀረችው በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ያለች አንዲት የደረቀች ቆዳ ናት፤ መጻሕፍቱም «ጠፍታለች» ብለው ዘግተዋታል። ዶክተሯ ግን ሰው ሳይፈልግ ነው የለም የሚለው ባይ ናት። ከዳይኖሰር ጋር አብሮ አለቀ የተባለ ዓሣ በአጥማጅ መረብ ተይዞ መውጣቱን፣ ዘሩ ተቋረጠ የተባለ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነፍሳት በባሕር መካከል ካለ ቋጥኝ ላይ፣ ከአንዲት ቁጥቋጦ ሥር መገኘቱን የነገረችኝ እሷ ናት። ይህን ስታወራ ብቻ ነው ቃል የማትቆጥበው።

የእኔ ሥራ ካሜራ መትከል፣ ባትሪ መቀየርና ፎቶውን መመርመር ነው። ካሜራው በፊቱ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ያነሣል። በንፋስ የሚወዛወዝ ሸምበቆ፣ ውሻ፣ ጃርት፣ ምላሷን አውጥታ ሌንሱን የላሰች ላም፣ ደግሞም ሰው አያየኝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ። የሰውዬውን ወዲያው አጠፋሁት፤ ቀስ በሉ ግን «ጎሚስታው ነው» ብሎ ድርቅ ስላለ፣ እስከ ዛሬ በደረጃው ባለፈ ቁጥር ሰላምታ ሲሰጠው ሳቁን መያዝ ያቅተዋል።

የሚያስቸኩለን ረግረጉ ሊደርቅ መሆኑ ነው። የከባድ መኪና ማቆሚያና መጋዘን ሊሠራበት ታስቧል። የድመቷ መኖር ከተረጋገጠ ሥራው ይቆማል፤ ካልተረጋገጠ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ይለቀቃል።

እኔ አየኋት፣ ወንድምጋሼ። ዝናቡ ባባራበት ረፋድ ላይ፣ በጠራ ብርሃን። ከአንዱ ካሜራ ያለቀውን ባትሪ አውጥቼ አዲሱን ከኪሴ ስመዝ ሸምበቆው ገለል አለና እንቁራሪት በአፏ ይዛ ብቅ አለች። በመካከላችን ያለው ርቀት ካንተ ሱቅ ደጃፍ እስከ መንገዱ ማዶ አይሞላም። ቀበቶዋን አየሁ፣ አጭሯን ጅራት አየሁ፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ ነው። እሷም ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ። በአንድ እጄ ባትሪ፣ በሌላው ባዶ ካሜራ፤ ስልኬ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቦርሳዬ ሥር። መተንፈስ እንኳ ፈራሁ። እንቁራሪቷን አስተካክላ ነከሰችና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተሻግራ ማዶው ሸምበቆ ውስጥ ገባች። ተከትያት ሮጥኩ፤ ዱካ እንኳ የለም፣ መሬቱ ሁሉ ሣር በሣር ነው።

እያለከለክሁ ለዶክተሯ ነገርኳት። የትኛው ጆሮዋ፣ ጅራቷ የት ድረስ፣ ስትራመድ ጀርባዋ እንዴት ይሆናል እያለች እንደ መርማሪ አፋጠጠችኝ። በመጨረሻ መነጽሯን አወለቀችና «አምንሻለሁ» አለችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ «ግን አልጽፈውም» ብላ ጨመረች። ያለ ፎቶ፣ ያለ ፀጉር፣ ያለ አጥንት ከጻፈችው ከዚያ በኋላ የምትለውን ሁሉ የሚሰማት አይኖርም፤ ያኔ ድመቷም አለቀላት። ነገሩ ገብቶኛል። ቢገባኝም ንዴቴን አላበረደውም። ያየኋት ቦታ ተመልሰን ሄደን እሾህ ላይ ያገኘነውን ፀጉር ወደ ላቦራቶሪ ላክን። ስንጠብቅ ከርመን የመጣው መልስ «ናሙናው ለምርመራ በቂ አይደለም» የሚል ሆነ።

ከዚያ ስለ ረግረጉ የሚወስነው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ዶክተሯ ይዛኝ ገባች። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ አልተናገረኝም። ፎቶ እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት አልኩት። «ልጄ፣ ዓይንሽን ከፋይሉ ጋር አያይዤ አልልከው» አለኝ። ሰው ሳቀ። አንዱ ደግሞ ከኋላ «የጎረቤት ድመት እንዳትሆን» ብሎ ጣል አደረገ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀስ በሉ ደጅ ላይ ውሃ ይዞ ጠበቀኝ። ያን ቀን ብቻ ቀስ ብሎ ነዳ።

አመሻሹ ላይ ነው እማዬን በስልክ ያገናኘኸኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ «እሷስ አየችሽ?» አለችኝ። ከዶክተሯ እስከ ኮሚቴው ያን ሁሉ ጥያቄ ሲያወርዱብኝ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። አዎ አየችኝ አልኳት። «እንግዲያ ተዋውቃችኋል» አለችና ስለ ባለቤትህ ጉንፋን ማውራት ቀጠለች። ያን ቀን ልቤ ያረፈው በዚያች ቃል ብቻ ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሚቴው ማስረጃ የለም ብሎ ፈቅዶ በረግረጉ ላይኛው ጫፍ ቁፋሮ በተጀመረ ሰሞን፣ ከካሜራ ያወረድኩትን ፎቶ ስገለብጥ ግማሽ ድመት አገኘሁ። የኋላ እግሮችና አጭር ጅራት ብቻ። ደረቷ፣ ቀበቶዋና ራሷ ከፎቶው ውጭ ናቸው። ዶክተሯ ቆማ አየችው፣ ተቀምጣ አየችው፤ ከዚያ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ፎቶውን ለባለሙያዎች ላከችው። አንዱ «ያለ ጥርጥር እሷ ናት» አለ። ሌላው «ጅራቷ የተቆረጠ የቤት ድመት» አለ። ሦስተኛው ደረቷን ካሳያችሁኝ እፈርማለሁ አለ፤ ደረቷማ ቢኖረን እሱን ምን አስለመነን።

ኮሚቴውም ለግማሽ ድመት ግማሽ ውሳኔ ሰጠ። የላይኛው ረግረግ ይደርቃል፤ የታችኛው እስከ በጋው ማብቂያ ይቆያል፤ እስከዚያ ሙሉ ማስረጃ ካልቀረበ ቁፋሮው ይቀጥላል። ቀስ በሉ «ለየትኛዋ ግማሽ ነው የፈረዱላት?» አለ። የሳቀለት የለም። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሯን መሥሪያ ቤቷ ለሌላ ሥራ ጠራት። አብረን እንመለስ አለችኝ። እኔም ከሄድኩ ካሜራዎቹ የት የት እንዳሉ እንኳ የሚያውቅ አይቀርም። ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና እቀራለሁ አልኳት። ስትሰናበተኝ አቀፈችኝና በጆሮዬ «ደረቷን» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ቁርጡ እንግዲህ ይኸው ነው። ለእማዬ ሕክምና አልደርስም። የአውሬ ዓይን ከእናቷ ዓይን በለጠባት የሚል አይጠፋም፤ አንተም ብትለው አልቀየምህም፣ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ሱቁን ዘግተህ አንተ ይዘሃት ሂድ። መርፌ አልፈራም ትልሃለች፤ አትስማት፣ እጇን ያዛት። የዓይን ጠብታውንም ለራሷ አትተውላት፤ ዳነልኝ ብላ ታቋርጠዋለች። ካሜራዎቹን ሁሉ ወደ ታችኛው ረግረግ አዛውሬያለሁ፤ ላይኛው ሲደርቅባት ወደዚህ ትሸሽ ይሆናል ብዬ። የቁፋሮው ድምፅ በየቀኑ እየቀረበ ነው። እስካሁን ያገኘሁት ጃርት ብቻ ነው። ሌላም አልደብቅህም፤ አንዳንድ ጠዋት ቦቲዬን ሳጠልቅ አልቅሼ ነው የምወጣው።

ባለቤትህን ጉንፋኑ ለቀቃት ወይ በልልኝ፤ የሠራችልኝ ሹራብ እዚህ ብርድ ላይ ባለውለታዬ ነው። ትልቋን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ ትንሹን ደግሞ በሚያዝበት ጣቱ። ጎረቤቶቻችንን አገኘች ወይ ሲሉህ ግማሹን አግኝታለች በላቸው። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ ስታነብላት የማልቀሴን ነገር ዝለለው። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምታየው ያንተን ፊት ነውና ጺምህን ተላጭ። ቀጥለህ ከዚህ ጋር የላክሁትን ፎቶ አሳያት። ባለሙያዎቹ አልተስማሙበትም፤ እሷ ምን እንዳለች ጻፍልኝ።

የምትሳሳልህ ታናሽ እኅትህ

ከረግረጉ ዳር፣ ከጎሚስታው ፎቅ
ኅዳር 4 ቀን