በሰባ ሁለት የተካፈለው ጎርፍ

ለተከበሩ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት ኃላፊ
ሰቆጣ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ውሃ እንዳልደረሰብዎት አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ የኮምፒውተር መምህርቷ ይታየሽ ገብረ ኪዳን፣ የወንድሜን የለተጊዮርጊስን አሟሟት በትሕትና ላስረዳዎት ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. ወንዙ ላይ ያስተከሉት መለኪያ በየአምስት ደቂቃው የውሃውን ከፍታ ይልካል። ፕሮግራምዎ የመጨረሻዎቹን ሰባ ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ለሰባ ሁለት ያካፍላል፤ አማካዩ ሁለት ሜትር ሲያልፍ ሳይረኑ ይጮኻል። ሰባ ሁለት ቁጥር ማለት ስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ ድንገተኛ ጎርፍ በማለዳው ቀጭን ውሃ ተውጦ ይቀራል፣ ሦስት ቁጥር ይበቃል ብዬ በሰኔ ጽፌልዎት ነበር። ሳይረኑ በከንቱ እየጮኸ እንግዶችዎን እንዳይረብሽ ነው ብለው ስለ መለሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከወንዙ ላይኛው ክፍል በደሃና በኩል ዘንቦ አርባ ሴንቲ ሜትር የነበረው ውሃ በአንድ ጊዜ አራት ሜትር ከሃያ ሆነ። ፕሮግራምዎ አካፍሎ አርባ አምስት አለ። ጎርፉ ከመለኪያው ተነሥቶ ሳይረኑ እስከ ተተከለበት እስከ መንደራችን መሻገሪያ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ወንድሜ ከገበያ ሲመለስ ዳር ላይ ቆሞ አዳመጠና ሚስቱን አምሳለን፣ «ሳይረኑ ዝም ብሏል፤ እኔ ልቅደም» አላት። አህያዋን እየነዳ ገባ። ጎርፉ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ደርሶ አህያዋን ጨፈለቃት፤ እሱንም ከዓለት ዓለት እያላተመ በአምሳለ ዐይን ፊት ወሰደው። ስናገኘው ፊት አልነበረውም፤ በቀበቶው ለየነው። አስከሬኑን እየጎተትን ሳለ፣ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሳይረንዎ ጮኸ። ስለ ትጋቱ እናመሰግናለን።

፫ኛ. አምሳለ በዚያው መጥረቢያ አንሥታ ሳይረኑ የተሰቀለበትን ምሰሶ ጣለች፣ ሳይረኑን አደቀቀች፤ ሊይዛት የሮጠውን ቴክኒሺያንዎን በመጥረቢያው ጀርባ ክንዱን ሰበረችው። ለእሱ አዝናለሁ፤ የታዘዘውን ነው የተከለው። እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ እጇን አልያዝኩም። እርስዎ በቦታው ቢገኙ ኖሮ መጥረቢያውን እቀበላት ነበር።

አሁን እሷ ታስራለች፤ ሰባ ሁለትም እንደ ነበረ ነው። ሁለቱንም እንዲለቁልን እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪናዎ ደረቅ መንገድ እየተመኘሁ፣
ታዛዥዎ ይታየሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቢሮዎ የተላከው የክስ ማመልከቻ አምሳለ ጉዳቱን ያደረሰችው «ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ» ነው ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው።