ስማችንን ከፌስቡኩ ይሰርዙልን

ሞላሌ፣ ኅዳር 9 ቀን። ከጠዋት ጀምሮ የሸጥኩት ሁለት የበግ ጠጉር ባና ነው።

ልጄ ትሕትና፣ አምላክ በሰው አገር በጥላው ይሸፍንሽ። በአንዲት ፈር ቀዳጅ የሕግ ምሁር ስም የቆመው የመታሰቢያ ፈንድ አንቺን ሕግ ለማስተማር መምረጡን፣ ከነፎቶሽ፣ ከነስሜና ከነአገራችን ፌስቡክ ላይ አውጥቶታል። ትናንት አንድ የማላውቀው ሰው ሱቅ ገባ።

«እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ዶላሩ ደረሰ?»

«የሚከፈለው ለትምህርት ቤቷ ነው» አልኩት።

«እሱን ለሌላ ይንገሩ» አለኝ እየሳቀ። «እፀገነትስ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በየት በኩል ነው?»

የታናሽሽን ስም ማን ነገረው? ባለፈው ወር ከመንገድ የታገተው የጎረቤት ልጅ እስካሁን አልተመለሰም።

ፈንዱን አመስግኚልኝና ስማችንንና አገራችንን እንዲሰርዙልን ለምኚልኝ። በዳኛ ፊት የሚሰማ አንደበት ይስጥሽ።

ነገ ማለዳ እፀገነትን ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ አደርሳለሁ።