በቋንቋችን የዋሸሁት

ማክሰኞ፣ ማርች 4
የደሴታችን ዋና ከተማ ካልያሪ ዝናብ በዝናብ። አውቶቡስ ዘገየ፣ ጫማዬ ራሰ። የክልሉ ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ኢግናዚዮ የሱፍ ፋብሪካውን ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦታል። የሚተከለው እኛ መንደር፣ የጋራ ግጦሹ ላይ። ፈቃዱን የሚሰጠው መንደሩ ነው። ጥናቱን አነበብኩ። ቋሚ ሠራተኛ፦ አሥራ አንድ።
«እሑድ ስብሰባው ላይ ስልሳ በያቸው» አለኝ።
«አሥራ አንድ ነው እኮ የሚለው።»
«ሲገነባ ስልሳ ይሆናል። ስሚ ጎናሪያ፣ ዕድሜ ልካችንን ሮም በደለችን ስንል ኖርን። አሁን ክልሉ የራሳችን ነው፣ የምንወስነው እኛ ነን። ምን ሠራችሁ ሲሉን ምን እናሳያቸው?»
ፋይሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ፣ ማርች 9
መንደር ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። በጣልያንኛ የጻፍኩትን ትቼ በቋንቋችን በሰርዲኛ ተናገርኩ። የሽማግሌዎቹ ፊት ፈካ። ከመንግሥት መጥቶ በቋንቋቸው ያናገራቸው ማን አለና!
ስልሳ አልኩ። ሁለት ጊዜ።
አጎቴ ባኪስዮ ብድግ አለ። በጎቹ የሚውሉት እዚያው መሬት ላይ ነው። «ሮም የላከችው ሰው ቢሆን በዱላ ነበር የምሸኘው። ይቺ ግን የእህቴ ልጅ ናት። እኛን አትዋሸንም» አለና ፈቃዱን ደግፎ እጁን አወጣ። ከዚያ ሁሉም አወጡ።
ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝ።

ሰኞ፣ ማርች 10
ኢግናዚዮ «አንበሳ!» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22
ጋቪኖ ከቱሪን ደወለ። የአጎቴ ልጅ።
«ሥራዬን ለቅቄ እየመጣሁ ነው! አሥራ አራት ዓመት ይበቃል። አባዬ ከስልሳው አንዱ አንተ ነህ ብሎኛል። ሚስቴና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ይከተሉኛል።»
«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።
እንኳን ደስ አለህ! ምን ነካኝ? ዝም ማለት እንኳ አቃተኝ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 17
አጎቴ ቤት። ግጦሹ ሊሄድ ነው ብሎ ከበጎቹ ግማሹን ሸጧል። አይብና ስስ ቂጣ አቀረበልኝ። ሳልነካው ነገርኩት።
«አሥራ አንድ?»
«አዎ።»
«መቼ ነው ያወቅሽው?»
«ከስብሰባው በፊት።»
ቢላዋውን ጠረገ። ከዚያ በጣልያንኛ ጀመረ። በሕይወቴ በጣልያንኛ አናግሮኝ አያውቅም።
«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሪት። መንገዱን ያውቁታል አይደል?»
«እርስዎ» አለኝ። ያሳደገኝ ሰው።

እሑድ፣ ጁን 1
ያው አዳራሽ። ጥናቱን አባዝቼ አደልኩ፣ ገጹን አነበብኩላቸው። በጣልያንኛ። በሰርዲኛ ለመናገር አፈርኩ።
«ዛሬ አሥራ አንድ ነው? ነገስ ስንት ይሆን?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁብኝ።
ፈቃዱን ሰረዙት። አጎቴ እጁን ያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። አላየኝም።

ሐሙስ፣ ጁን 5
ወደ መዝገብ ክፍል ተዛወርኩ። ኢግናዚዮ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ «ገደልሽው። አሥራ አንዱም ቀረ» አለኝ።
እውነቱን ነው። መጀመሪያውኑ አሥራ አንድ ብላቸውስ ኖሮ? ለመንደራችን አሥራ አንድ ሰው ቀላል ነው እንዴ? እሺ ይሉ ነበር ይሆናል... አልጠየቅኳቸውም እኮ። እኔው ወሰንኩላቸው። ሮም ታደርገው የነበረውን።

እሑድ፣ ጁን 29
ጋቪኖ ዛሬ ወደ ቱሪን ተመለሰ። የድሮ ሥራውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሞክራል። ወደብ ላድርስህ ስለው እምቢ አላለም።
መርከቡ ጋ ስንደርስ «ልጆቹ እዚህ ባሕር ዋና ሊማሩ ነበር» አለ።
ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «ተይው ጎናሪያ፤ ዛሬስ ምንም አትበይ» አለኝ።
ሻንጣውን ልይዝለት እጄን ዘረጋሁ። ራሱ ያዘው።
መርከቡ እስኪርቅ ቆምኩ። ጫፉ ላይ ቆሞ ይታየኛል። እጁን አላወዛወዘም። እኔ ግን አወዛወዝኩ።